ከታሰበው በላይ ባሕር ዳር ለቆዩ፦ ግሪን ካርድ ሳይቃጠል ወደ አሜሪካ የመመለሻ አሠራር

ወላጅ ሊያስታምሙ፣ የውርስ ጉዳይ ሊጨርሱ ወይም የጀመሩትን ቤት ጣሪያ ሊያለብሱ ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ከታሰበው በላይ ቆየሁ፤ ግሪን ካርዴ ተቃጠለ ወይ?» መልሱ ካርዱ ላይ በታተመው የማብቂያ ቀን አይገኝም። እሱ የፕላስቲኩ ዕድሜ ነው። የመኖሪያ መብትዎ የሚመዘነው ከአሜሪካ በወጡበት ቀን፣ ከመውጣትዎ በፊት ባስገቡት ማመልከቻ እና ያቆየዎትን ምክንያት በሚያሳይ ወረቀት ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎም ደላላ ከማነጋገርዎም በፊት ቀኑን ይቁጠሩ።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ክስ ወይም ፍርድ ካለብዎ፣ ወይም ከዚህ በፊት በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳይ ከነበረዎት ይህ መመሪያ ብቻውን አይበቃዎትም። ከመነሳትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግሪን ካርዱ፣ የፊትና የጀርባው ኮፒ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶውም
- አሁን የሚሠራው ፓስፖርት እና የድሮዎቹ ሁሉ፦ የመግቢያና የመውጫ ማህተሞቹ ያሉት እነሱ ላይ ነው
- ከአሜሪካ የወጡበት ትኬት ወይም ቦርዲንግ ፓስ፣ የመመለሻ ትኬቱና የተራዘመበት ማስረጃ
- ያለፉት ሦስት ዓመታት የአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ
- የአሜሪካ አድራሻ፣ የባንክ መግለጫ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ብድር ወረቀት፣ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ (ያለዎትን ያህል)
- ያቆየዎትን ምክንያት የሚያሳዩ ሰነዶች ከነእንግሊዝኛ ትርጉማቸው

1. ቀኑን በትክክል ይቁጠሩ

አሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርት ላይ ማህተም አይመታም። ብዙ ሰው ቦሌ የተመታለትን የመግቢያ ማህተም ይዞ ይቆጥራል። ያ ማህተም ግን አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ የተመታ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከአሜሪካ ከተነሳበት ቀን ስለሆነ የሚታየው ቦርዲንግ ፓሱ ነው።

ማወቅ ያለብዎ ሁለት ገደቦችን ነው፤ 180 ቀን እና አንድ ዓመት። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 (መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.) የወጣ ሰው 180 ቀን የሚሞላው ማርች 14 ቀን 2025፣ ማለትም መጋቢት 5 ነው። በእኛ አቆጣጠር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስድስት ወር ልክ 180 ቀን ይሆናል፤ ለቆጠራ ይመቻል። ጳጉሜን መካከል ከገባች ግን ገደቡ 5 ወይም 6 ቀን ቀደም ብሎ ይደርሳል። የዚሁ ሰው አንድ ዓመት የሚሞላው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ከመድረሱ በፊት አሜሪካ መሬት ላይ ማረፍ አለበት። በዋዜማው ማታ ከቦሌ መነሳት አይበቃም፤ የሚያርፈው በማግሥቱ ነውና።

2. የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ይለዩ

ከ180 ቀን በታች ከሆኑ፦ ካርዱና ፓስፖርቱ ይበቃሉ፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑ፦ ካርዱ አሁንም መግቢያ ሰነድ ነው። ነገር ግን ሕጉ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ስለሚያይዎ በአሜሪካ መግቢያ ላይ የሚቀበልዎ የኢሚግሬሽን መኮንን በሰፊው የመጠየቅ መብት አለው። የአሜሪካ ግንኙነትዎን የሚያሳይ ፋይል ሳይዙ አይሂዱ።

ከአንድ ዓመት በላይ ሆነው ያልተቃጠለ የመመለሻ ፈቃድ (ሪኢንትሪ ፐርሚት) ካለዎት፦ ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት ይመለሱ።

ከአንድ ዓመት በላይ ሆነው ፈቃድ ከሌለዎት ወይም ፈቃዱ እዚሁ ሳሉ ካበቃ፦ ካርዱ ብቻውን መግቢያ ሰነድ መሆኑ ቀርቷል። ያለዎት መንገድ ደረጃ 6 ላይ ያለው ኤስቢ-1 (የተመላሽ ነዋሪ) ቪዛ ነው።

3. ገና አሜሪካ ካሉ፦ የመመለሻ ፈቃዱን ሳይወጡ ያስገቡ

ይህ ደረጃ ለአሁኑ የረፈደባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቢሆንም ለሚቀጥለው ጉዞ ይያዙት። ፈቃዱ የሚጠየቀው በፎርም አይ-131 ነው። ማመልከቻው የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት (ዩኤስሲአይኤስ) ሲደርስ እርስዎ በአካል አሜሪካ ውስጥ መሆን አለብዎት። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ይህን ማመልከቻ አይቀበልም። «እዚሁ ሆነው ያስወጡልዎታል» የሚልዎ ሰው ካለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ሀ. ከጉዞው ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብለው ያስገቡ። የካርዱን የፊትና የጀርባ ኮፒ ያያይዙ። የዲቪ ዕድለኛ ሆነው ካርዱ ገና ካልደረሰዎት ቪዛውና የመግቢያ ማህተሙ ያለበትን የፓስፖርት ገጽ ኮፒ ያድርጉ።

ለ. ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 630 ዶላር ነው፤ ስለሚቀያየር ከመክፈልዎ በፊት የዩኤስሲአይኤስን የክፍያ ገጽ ይመልከቱ። ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ወዲህ በፖስታ ከሚገባ ማመልከቻ ጋር የወረቀት ቼክና መኒ ኦርደር በመደበኛነት አይቀበሉም። በካርድ ከከፈሉ ፎርም ጂ-1450ን ሞልተው ከላይ ያድርጉት። ክፍያው ከተበላሸ ማመልከቻው ተመልሶ ይላክልዎታል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ከሄዱ ደግሞ እንዳላመለከቱ ይቆጠራል።

ሐ. የአሻራ ቀጠሮ ወረቀት በአሜሪካ አድራሻዎ ይደርሳል። አሻራውን ሳይሰጡ አይውጡ። ማመልከቻዎች የሚወድቁት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ደረሰኙን ይዞ ይበራል፣ የአሻራው ቀጠሮ ያልፋል፣ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

መ. አሻራ ከሰጡ በኋላ መጠበቅ አይጠበቅብዎትም። ፎርሙ ላይ ፈቃዱ ወደ አዲስ አበባ ኤምባሲ እንዲላክ መምረጥ ይችላሉ።

ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ይሰጣል፤ አይራዘምም። ካለፉት አምስት ዓመታት ከአራት በላይ ውጭ የኖረ ሰው ባብዛኛው የሚያገኘው የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በጋብቻ የሁለት ዓመት፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ካርድ ላገኙ ደግሞ ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታውን ማስነሻ ቀናቸውን አያልፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈቃዱ ረጅም መቅረትዎ ብቻውን የመኖሪያ መብትን እንደ መተው እንዳይቆጠርብዎ ያደርጋል እንጂ ለመግባትዎ ዋስትና አይደለም። አሜሪካ ቤቱን ዘግቶ፣ ባሕር ዳር ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብሩን ትቶ ፈቃዱን ብቻ የያዘ ሰው አሁንም ሊጠየቅ ይችላል።

4. እዚህ እያሉ የአሜሪካውን ክር አይበጥሱ

መኮንኑም ኤምባሲውም የሚፈልጉት ጉዞዎ ጊዜያዊ መሆኑን ነው። ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ በየወሩ የሚመዘገብ ነገር ያስፈልጋል።

ግብር። በየዓመቱ ፎርም 1040 ያስገቡ። በአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን 1040-ኤንአር ማስገባት በገዛ ፊርማ «ነዋሪ አይደለሁም» ማለት ነው፤ ከዚህ የባሰ ማስረጃ በራስዎ ላይ ሊያቀርቡ አይችሉም። የባሕር ዳር ቤትዎ ኪራይ ገቢም ይታወጃል። በኢትዮጵያ ባንኮች ያለዎት ሂሳብ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤፍባር የተባለው የውጭ ባንክ ሂሳብ ሪፖርት ለብቻው ይቀርባል። ንግድ ባንክ ያለው እና ዓባይ ባንክ ያለው አንድ ላይ እንደሚደመሩ ልብ ይበሉ። ጊዜ ከፈለጉ ከኤፕሪል 15 በፊት ፎርም 4868 አስገብተው እስከ ኦክቶበር 15 ያራዝሙ።

አድራሻ። የኪራይ ውልዎ ካለቀ የልጅዎን ወይም የዘመድዎን አድራሻ ይያዙና በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ ያሳውቁ። ሰው በማይኖርበት ቤት የሚቀር የቀጠሮ ወረቀት ጉዳይ ያበላሻል።

ባንክ፣ ስልክ፣ መንጃ ፈቃድ። ሂሳቡ ይንቀሳቀስ፤ ስልኩን በርካሹ ዕቅድ ያቆዩት። መንጃ ፈቃዱ የሚያበቃ ከሆነ በኦንላይን ማደስ ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ።

5. ወረቀቱን በዕለቱ ይሰብስቡ

ከዓመት በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄዶ የድሮ መዝገብ ማስፈለግ አድካሚ ነው። ፈለገ ህይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ወይም የግል ክሊኒክ ከታከሙ፣ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ የሐኪም ማስረጃውን ይጠይቁ። ማስረጃው ቁጥር፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ቲተር፣ ክብ ማህተም ይኑረው። ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍበት፦ በሽታው ምንድን ነው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በዚያ ጊዜ ረጅም በረራ ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም። ሦስተኛውን ሐኪሞች ካልተጠየቁ አይጽፉትም፤ ለእርስዎ ግን ዋናው እሱ ነው። «ታክሟል» የሚል ማስረጃ ለምን እንዳልተመለሱ አይናገርም።

ቤተሰብ ከሞተ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሞት የምስክር ወረቀት ያውጡ። የእድር ደብዳቤ ወይም የለቅሶ ፎቶ ለተጨማሪነት ይሆናል እንጂ ምስክር ወረቀቱን አይተካም። የፍርድ ቤት የውርስ ጉዳይ ከሆነ የቀጠሮ ትእዛዞቹን ግልባጭ በየቀጠሮው ይውሰዱ።

ከዚያ የቀኑ ወጥመድ አለ። ብዙ የሕክምና ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቀኑ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። «12/03/2017» የሚለውን አሜሪካዊ መኮንን ዲሴምበር 3 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። የተጻፈው ግን ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ፋይሉ በሙሉ በሰባት ዓመት የተዛባ ይመስላል፤ እርስዎም እንደዋሹ። ስለዚህ የሚተረጉምልዎ ሰው እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ቋንቋዎቹንም እንደሚያውቅ አረጋግጦ ይፈርም። ማህተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ጭምር ይተርጎም።

6. ዓመት ካለፈ፦ የኤስቢ-1 ቪዛ

ሀ. አዲስ አበባ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ የኢሚግራንት ቪዛ ክፍል ይጻፉና የወቅቱን አሠራር ይጠይቁ። ባሕር ዳር የሚያልቅ ነገር የለም። ለመጓዝ ካሰቡበት ቀን ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ።

ለ. ፎርም ዲኤስ-117 (የተመላሽ ነዋሪነት ማመልከቻ) ይሙሉ። የማመልከቻው ክፍያ 180 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም።

ሐ. አራት ነገር ያስረዱ፦ ሲወጡ ሕጋዊ ነዋሪ እንደነበሩ፤ ሲወጡ የመመለስ ሐሳብ እንደነበረዎትና እንዳልተዉት፤ ጉዞው ጊዜያዊ እንደነበረ፤ የቆዩትም ከአቅምዎ በላይ በሆነና እርስዎ ባላመጡት ምክንያት እንደሆነ። የሚከብደው አራተኛው ነው።

የራስዎ ከባድ ሕመም ጥሩ ምክንያት ነው። ሌላ አስታማሚ የሌለው ወላጅን ማስታመምም ሊታይ ይችላል፤ ግን «ሌላ ሰው አልነበረም» የሚለው በወረቀት ይታይ። የቤት ግንባታ፣ የልጅ ሠርግ፣ የአሜሪካ ኑሮ መወደድ፣ አየሩ ተስማማኝ ማለት አያስኬዱም። የመንገድና የጸጥታ ጉዳይን ብዙ ሰው ያነሳል፤ የሚያገለግለው ግን ለተዘጋበት ጊዜ ብቻ ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ 2015 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ይህ የቀናት መዘግየትን ያስረዳል፤ የአሥራ አራት ወር ቆይታን አያስረዳም።

መ. የማብራሪያ ደብዳቤውን በቀን ቅደም ተከተል ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ መስመር ከአንድ ማስረጃ ጋር ይያያዝ። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ እንዲህ ያለ ነው፦

«ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024፦ ከዋሽንግተን ወጣሁ፤ የመመለሻ ትኬቴ ለጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ነበር (ማስረጃ 1)። ኖቬምበር 21፦ ስትሮክ መታኝ፤ ሆስፒታል ተኛሁ (ማስረጃ 2)። ጃንዋሪ 6፦ ሐኪሙ ረጅም በረራ ከለከለኝ (ማስረጃ 3)፤ ትኬቱን አራዘምኩ (ማስረጃ 4)።»

ሁለት ገጽ ይበቃል። ልመናና ምርቃት አያስገቡበት። የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቀን፣ ምክንያትና ማስረጃ ነው። በተለይ ምክንያቱ ካበቃ በኋላ ያለውን ጊዜ አይዝለሉት፤ በየካቲት ድኖ እስከ ሰኔ የተቀመጠ ሰው ስለ አራቱ ወሮች ይጠየቃል።

ሠ. ዲኤስ-117 ከተፈቀደ በኋላ እንደ ማንኛውም የኢሚግራንት ቪዛ ይቀጥላል፦ ዲኤስ-260 (የቪዛ ማመልከቻ ቅጹን) መሙላት፣ 205 ዶላር የቪዛ ክፍያ፣ ኤምባሲው በሚያውቃቸው ሐኪሞች የጤና ምርመራ፣ የፖሊስ የአሻራ ማስረጃ፣ ቃለ መጠይቅ።

ከተከለከሉ ይግባኝ የሚባል መደበኛ መንገድ የለም። ዕድሜው 21 የሞላ አሜሪካዊ ዜጋ ልጅ ያላቸው ወላጆች ግን ልጁ አዲስ ፔቲሽን (የቤተሰብ ማምጫ ማመልከቻ) ሊያስገባላቸው ይችላል። የዜጋ ወላጅ የቪዛ ኮታ ወረፋ ስለሌለበት ለአንዳንድ ሽማግሌዎች ደካማ ኤስቢ-1 ይዞ ከመከራከር ይህ ይሻላል።

7. ጉዞው

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ በኩል ቀኑን ይወስዳል፤ የመንገዱ ሁኔታም ይለዋወጣል። ገደብዎ ቅርብ ከሆነ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት አዲስ አበባ ይግቡ፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ይቅደሙ። አሜሪካ ለመግባት ካርዱ ቢበቃም ከቦሌ ለመውጣት የጸና ፓስፖርት ግድ ስለሆነ እድሳቱን ለመጨረሻ ወር አይተዉት።

ፋይሉን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ በተላከ ሻንጣ ውስጥ ያለ ማስረጃ መኮንኑ ፊት አይረዳዎትም። የሚጠየቁት የታወቀ ነው፦ ስንት ጊዜ ቆዩ? ለምን? አሜሪካ የት ነው የሚኖሩት? ምን ይሠራሉ? አጭርና እውነት ይመልሱ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ለእናትና ለአባት በተለይ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ያልገባቸውን ጥያቄ «የስ» ብለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ፎርም አይ-407 ላይ ሳያውቁ አይፈርሙ። ይህ የመኖሪያ መብትን በፈቃድ መልቀቂያ ነው። መኮንኑ ሊያስፈርምዎ ቢሞክርም የመፈረም ግዴታ የለብዎትም፤ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለዎት፣ የመኖሪያ መብትዎን መተውዎን የማስረዳት ሸክሙም የመንግሥት ነው። ካርዱን ከወሰደብዎ የፍርድ ቤት መጥሪያውን ተቀብለው በፓስፖርትዎ ላይ ጊዜያዊ የአይ-551 (የነዋሪነት ማረጋገጫ) ማህተም እንዲመታልዎ ይጠይቁ።

ለየት ያሉ ጉዳዮች

ካርዱ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ፦ ውጭ የቆዩት ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ (የመመለሻ ፈቃድ ላለው ከሁለት ዓመት በታች) ፎርም አይ-131ኤ (አውሮፕላን ለመሳፈር የሚያስችል ሰነድ መጠየቂያ) ነው የሚያስፈልግዎ። ክፍያውን (575 ዶላር) በኦንላይን ከፍለው በአካል ኤምባሲ ይቀርባሉ። የፖሊስ ሪፖርት ያውጡ።

ልጅ እዚህ ከተወለደ፦ ነዋሪ የሆነች እናት በጊዜያዊ ጉብኝት ላይ ሳለች የወለደችው ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ከወሊዱ በኋላ ወላጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለስ አብሮ ከገባ ቪዛ አያስፈልገውም። የልደት ምስክር ወረቀትና ትርጉሙ ያስፈልጋል። እናቲቱ ሕፃኑን ለአያቱ ትታ አንድ ጊዜ ደርሳ ከተመለሰች ይህ ዕድል ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ፔቲሽን ነው።

የሁለት ዓመት ካርድ ያላቸው፦ ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ፎርም አይ-751 (የቅድመ ሁኔታ ማስነሻ) መግባት አለበት። ባሕር ዳር መሆንዎ ጊዜውን አያራዝመውም።

ዲቪ ደርሷቸው ገብተው ወዲያው የተመለሱ፦ የመግቢያ ማህተም የተመታበት ቪዛ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። የዩኤስሲአይኤስን የኢሚግራንት ክፍያ ካልከፈሉ ግን ካርዱ አይታተምም።

የተለመዱ ስህተቶች

«በየስድስት ወሩ ሁለት ሳምንት ደርሶ መምጣት ይበቃል።» አይበቃም። ሦስትና አራት ጊዜ እንዲህ የተመላለሰ ፓስፖርት ኑሮው ባሕር ዳር የሆነ ጎብኚ እንደሆኑ ይናገራል፤ መኮንኑ የሚያየው የአንዱን ጉዞ ርዝመት ሳይሆን ጠቅላላውን ነው።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ዝም ብሎ ትኬት መቁረጥ። አየር መንገዱ ቦሌ ላይ ሊመልስዎ ይችላል፤ ትኬቱም ይቃጠላል። ቢያሳፍርዎም መግባቱ በመኮንኑ ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል።

የድሮ ፓስፖርት መጣል። ከአምስት ዓመት በፊት የወጡበትን ቀን የሚያውቀው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሐሰት የሕክምና ወረቀት ማሠራት። ኤምባሲው ሆስፒታሉን ጠይቆ ያጣራል። እውነተኛ ምክንያት ደካማ ቢሆን ክልከላው ለዚያ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ ማጭበርበር ከተገኘ ግን በኋላ ልጅዎ የሚያስገባው ፔቲሽንም በዚያው ይሰናከላል።

ዜግነትን መርሳት። ካርዱ ተርፎልዎ እንኳ ከስድስት ወር በላይ የቀሩበት ጉዞ ለዜግነት የሚቆጠረውን ተከታታይ ነዋሪነት እንዳቋረጠ ይገመታል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ በእርግጥ ይቋረጣል። የመመለሻ ፈቃዱ ይህን አያድንም። የአምስት ዓመቱ ሕግ የሚመለከተው ሰው ዓመት ቀርቶ ከተመለሰ፣ ከተመለሰበት ቀን አራት ዓመት ከአንድ ቀን ቆጥሮ ነው ማመልከት የሚችለው። ያኔም ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መኖሩ ይታያል።